ኮምቦልቻ ላይ ርካሽ አውሮፕላን ቢኖር ትሳፈሩ ነበር? ወይስ ሕልም ነው?

የሐረጎ ልጅ

ሰላም ወገን። ሰሞኑን እናቴን ለዓይን ሕክምና አዲስ አበባ ወስጃት ነበር። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ደሴ መናኸሪያ ተገኘን። እስከ ሸዋ ሮቢት ሰላም ነበር። ደብረ ሲና አልፈን የጣርማ በርን ዳገት ስንጀምር የአውቶቡሱ ሞተር ጨሰ። የማን አውቶቡስ እንደሆነ አልናገርም፤ ሁሉም ያው ናቸው። ሦስት ሰዓት ሙሉ መንገድ ዳር ተቀመጥን። እናቴ ለእህቴ ብላ የያዘችው የበሶ ጆንያ ላይ ተቀምጣ፣ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና፣ ቆሎ ከሚሸጡት ልጆች ጋር ወግ ያዘች። በዚህ መሃል አንዲት ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ከላያችን አለፈች።

"ያቺ የት ነው የምትሄደው?" አለችኝ።

"ወደ እኛ አገር መሰለኝ።"

"ታዲያ እኛ ምን ሆነን ነው እዚህ?"

ምን ልበላት? ለሁለት ሰው ደርሶ መልስ ዋጋውን አስቀድሜ አይቼው ነበር። አይቼ ስልኩን ኪሴ ከተትኩት።

እና ጥያቄዬ ይሄ ነው። ሌላ አገር ርካሽ አየር መንገድ የሚባል ነገር አለ። ምግብ የለም፣ ጋዜጣ የለም፣ ቁጭ ብለህ መድረስ ብቻ። ለኮምቦልቻና ለላሊበላ እንዲህ ያለ ነገር ቢመጣ ያዋጣል? ወሎ ሰው አጥቶ ነው እንዳትሉኝ ብቻ፤ መናኸሪያውን ሌሊት ሄዳችሁ እዩት።

ጦሳ ስር

ኧረ ወንድሜ ተወው። ነዳጁ በዶላር፣ መለዋወጫው በዶላር፣ የአውሮፕላን ኪራዩ በዶላር። ብሩ ደግሞ ሐምሌ 2016 ከተለቀቀ ወዲህ የት እንደደረሰ ታውቃለህ። ቲኬቱን ግን የምትሸጠው በብር ነው። ሳንድዊች በመቀነስ የሚሞላ ጉድጓድ አይደለም።

ስፓነር

ብዙ ዓመት አውሮፕላን ጥገና ላይ ሠርቻለሁ፣ አሁን ጡረታ ነኝ፣ ቤቴ ኮምቦልቻ ነው። ጦሳ ስር ያልከው ልክ ነው ግን ግማሹን ነው። ርካሽ አየር መንገድ የሚረክሰው በሳንድዊች አይደለም። የሚረክሰው አውሮፕላኑ መሬት ላይ ባለመቀመጡ ነው። መሬት ላይ የቆመ አውሮፕላን ኪራዩን ይበላል፣ ኢንሹራንሱን ይበላል፣ አንድ ብር አያመጣም።

አሜሪካ ውስጥ ሳውዝዌስት የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1971 ቴክሳስ ውስጥ ዳላስን፣ ሂውስተንንና ሳን አንቶኒዮን ይዞ ጀመረ። በዓመቱ ገንዘብ አጠረውና ከአራት አውሮፕላኖቹ አንዱን ሸጠ። ፕሮግራሙን ግን አልቀነሰም። በሦስቱ የአራቱን ሥራ ለመሥራት አርፎ፣ ሰው አውርዶ፣ ሰው ጭኖ ለመነሳት 10 ደቂቃ ብቻ ሰጠ። ርካሽ የሚባለው ነገር ሁሉ ከዚያች 10 ደቂቃ ነው የወጣ ማለት ትችላለህ። ደግሞ አንድ ዓይነት አውሮፕላን ብቻ፤ ቦይንግ 737። አንድ ዓይነት ከሆነ መካኒኩም፣ አብራሪውም፣ መለዋወጫውም አንድ ነው።

አሁን ወደ ኮምቦልቻ እንምጣ። በአየር ከአዲስ አበባ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አጭር መንገድ ርካሽ ይመስላል፣ ግን ለኪሎ ሜትሩ ውድ ነው። የማረፊያ እግሩ፣ ፍሬኑ፣ ጎማው የሚያልቀው በኪሎ ሜትር ሳይሆን ባረፍክ ቁጥር ነው። ነዳጁም በብዛት የሚሄደው ሽቅብ ስትወጣ ነው፤ ገና ወጥተህ ሳትጨርስ መውረድ ትጀምራለህ። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ ኮምቦልቻም ከ1,800 በላይ። አየሩ ስስ ነው። በሙቀት ሰዓት ደግሞ ይብሳል፣ ጭነት ትቀንሳለህ። ለዚህ ነው እንዲህ ላለ መስመር ጄት ሳይሆን ፕሮፔለር የሚመረጠው። አሁን የሚመጣው ኪው 400 ለዚህ ሥራ የተሠራ ነው፤ 70 ምናምን ሰው ይይዛል።

ሂሳቡን በቀላሉ ላሳያችሁ። አንድ በረራ 100 ብር ያስወጣል እንበል፣ ለምሳሌ ነው። 70 ሰው ካለ ለአንዱ 1 ብር ከ43 ሳንቲም ነው። 35 ሰው ከሆነ 2 ብር ከ86። አውሮፕላኑ ያው፣ ነዳጁም ያው ማለት ይቻላል። ዋጋውን የሚወስነው ባዶ ወንበር ነው።

የሐረጎ ልጅ

ስፓነር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ታዲያ ወንበሩ ባዶ የሆነው ዋጋው ውድ ስለሆነ ነው ወይስ ዋጋው የተወደደው ወንበሩ ባዶ ስለሆነ?

ስፓነር

እሱን ካወቅኩማ ጡረታ ባልወጣሁ 😄

ዶልፊን ሹፌር

እኔ የምናገረው ከመሬት ነው። አውሮፕላን አንድ ሰዓት ይባላል። እስቲ እንቁጠረው። ደሴ ሆጤ ነው ቤትህ እንበል። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ነው፣ ሐረጎን በክረምት ጉም በእግር ፍጥነት ነው የምትወርደው። ኤርፖርት ሁለት ሰዓት ቀድመህ ትገኛለህ። ትበራለህ። ቦሌ ሻንጣ ትጠብቃለህ። መርካቶ ወይ አውቶቡስ ተራ ለመድረስ በትራፊክ አንድ ሰዓት ከዚያም በላይ። አምስት ሰዓት ሞላ። እኔ በደህና ቀን ዘጠኝ አሥር ሰዓት ውስጥ በርህ ላይ አወርድሃለሁ። ልዩነቱ ግማሽ ቀን ነው። ግማሽ ቀን ስንት ብር ይሸጣል ለገበሬ? ለነጋዴ ሌላ ነው።

ደግሞ ከደሴ ኤርፖርት ኮንትራት ታክሲ የሚጠይቅህን ታውቃለህ። ርካሽ አውሮፕላን ብለህ መጥተህ ታክሲው ያስለቅስሃል።

መርሳ ብርቱካን

ኧረ ሰው እኛንም አስታውሱን። እናንተ 25 ኪሎ ሜትር አላችሁ። ከወልዲያ ኮምቦልቻ 145 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወደ ደቡብ ሦስት ሰዓት ተጉዤ ነው ወደ አዲስ አበባ የምበረው? ለቆቦ ሰውማ ይብሳል። የወሎ ኤርፖርት ሲባል የደሴ ሰው ኤርፖርት ነው የሚመስለው።

ዶልፊን ሹፌር

መርሳዬ፣ የአዲስ አበባ አውቶቡስም እኮ በደቡብ በኩል ነው የሚሄደው 😂 ኮምቦልቻ መንገድህ ላይ ናት።

መርሳ ብርቱካን

አውቶቡሱ ላይ ከተቀመጥኩ ኮምቦልቻ ላይ ለምን እወርዳለሁ? ግማሽ መንገድ ልደርስ ምን ቀረኝ። ያንን ነው የምልህ። አየር መንገዱ ራሱ ከወልዲያ ሰው የሚያመጣ ሚኒባስ በቲኬቱ ውስጥ ካላስገባ እኛን አያገኘንም።

ላስታ

ከላሊበላ ነኝ፣ አስጎብኚ ነኝ፣ ማለት ነበርኩ፣ አሁንም ነኝ እንግዳ ሲኖር። የእኛ ነገር ከኮምቦልቻ ይለያል። በአየር 330 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በመንገድ እጥፍ ነው ወደ 700 የሚጠጋ። ስለዚህ አውሮፕላን ለእኛ ቅንጦት አይደለም። ግን አውሮፕላኑ የሚያየው ቱሪስቱን ነው። ቱሪስት ሲመጣ በረራ ይበዛል፣ ቱሪስት ሲቀር ይሳሳል። በ2013 መጨረሻ በጦርነቱ ከተማዋ ስትያዝ ጭራሽ ተቋረጠ፤ ያኔ ነው አውሮፕላን ምን እንደሆነ የገባን። የታመመ ሰው ይዘን ነበር የምንቀመጠው።

ገና ሲደርስ ደግሞ ወንበር አይገኝም። በታኅሣሥ መጨረሻ ሞልቶ ይፈሳል፣ በሰኔ ባዶ ነው። ርካሽ አየር መንገድ ይህን እንዴት ነው የሚችለው?

ናይሮቢ ላይ ያለው ወሎዬ

ኬንያ ስኖር ያየሁትን ላካፍላችሁ። ጃምቦጄት የሚባል አለ። የኬንያ ኤርዌይስ ልጅ ነው፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2014 ጀመረ። ሞምባሳ፣ ኪሱሙ፣ ኤልዶሬት ይበራል። የሚያበረው ስፓነር ያለውን ኪው 400ን ነው፣ የኛው አገር ውስጥ በረራ የሚጠቀምበትን! ስለዚህ አውሮፕላኑ አይደለም ችግሩ። አሻሻጡ ነው። ከወር በፊት ከገዛህ ርካሽ፣ ነገ ልሂድ ካልክ ውድ። ሻንጣ ለብቻው ይከፈላል። ወንበር መምረጥ ለብቻው።

ታንዛኒያ ደግሞ ፋስትጄት እ.ኤ.አ. በ2012 በትልቅ ጄት፣ በኤርባስ ኤ319፣ መጣ። ሰው በጣም ወደደው። ከስድስት ዓመት በኋላ ቆመ። ትልቅ አውሮፕላን ትንሽ ገበያ ላይ፣ ገቢው በአገሩ ብር ወጪው በዶላር፣ ልክ ጦሳ ስር እንዳለው ነው።

ጦሳ ስር

አላልኳችሁም 😎

ናይሮቢ ላይ ያለው ወሎዬ

ቆይ አትቸኩል፣ ጃምቦጄት አሁንም ይበራል።

የጅዳዋ

እኔ ሰባት ዓመት ሳዑዲ ሠርቼ ነው የተመለስኩት። ወሎ ውስጥ ወደዚያ የሄደ ሰው የሌለበት ቤት አሳዩኝ እስቲ። ቦሌ የምናርፈው ሌሊት ነው። ወንድሞቼ ኮንትራት ሚኒባስ ይዘው መጥተው፣ እነሱም ሳይተኙ እኔም ሳልተኛ፣ እቃው ጣሪያ ላይ ታስሮ ከሚሴ ስንደርስ ነው ትንፋሽ ያገኘሁት። ለሚኒባሱ የከፈልነውን ሳስበው ሁለት ቲኬት ይገዛ ነበር።

ግን ስሙኝ። ርካሽ ርካሽ ትላላችሁ፣ ኪሎው ነው የሚቆርጠን። እኔ 46 ኪሎ ይዤ ነው የመጣሁ፣ ብርድ ልብስ፣ የልጆች ልብስ፣ የእማዬ መድኃኒት። እነዚህ ርካሽ የሚባሉት ሻንጣህን ከሌላ አየር መንገድ ተቀብለው አያስተላልፉልህም። ቦሌ ላይ አውጥቼ እንደገና ላስመዝን፣ እንደገና ልክፈል ማለት ነው። ለእኔ ከጅዳ እስከ ኮምቦልቻ አንድ ቲኬት ይሻለኛል። ርካሹ ለእናንተ ይሁን።

ወገልጤና ኦፓል

እኔ ደግሞ ተቃራኒው ነኝ። ሻንጣ የለኝም። የደላንታ ኦፓል ነው የምነግደው። ድንጋዩ እኛ ጋ ከወጣ ከ2000 ዓ.ም ወዲህ ነው። አንድ ትንሽ ቦርሳ ይዤ እሄዳለሁ፣ ጉልበቴ ላይ አስቀምጣት ብትለኝም ደስ ይለኛል። እውነቱን ልንገራችሁ መንገዱን የምፈራው ለዚያ ነው። ለእኔ ዓይነት ሰው ሻንጣ የማይጨምር ርካሽ ቲኬት ወርቅ ነው። ግን እኔ ዓይነት ሰው ስንት ነው? አውሮፕላን አይሞላም።

የሐረጎ ልጅ

ይሄን ሁሉ አንብቤ ማታ ሳስበው አንድ ነገር መጣልኝ። ሁላችንም በረራ ሲባል በየቀኑ ነው የምናስበው። ባቲ ገበያ ሰኞ ነው። ማክሰኞ ሄደህ ግመል የለም ብለህ ትናደዳለህ? አትናደድም። ሰኞን ጠብቀህ ነው የምትሄደው። አገሩ ሁሉ በዚያ ቀን ይሰበሰባል፤ ሻጩም ገዢውም በዚያ ቀን ስለሚመጣ ነው ገበያው የሚሞላው።

ታዲያ አውሮፕላንስ? በየቀኑ 30 ሰው ይዞ በውድ ከሚሄድ በሳምንት ሁለት ቀን 70 ሰው ይዞ በርካሽ ቢሄድ? ሰኞና ሐሙስ በለው። ሰው ቀኑን ያውቃል፣ ሐኪሙን በዚያ ቀን ያስይዛል፣ ነጋዴው በዚያ ቀን ይወርዳል። ሚኒባሱም ከወልዲያ በዚያ ቀን ይመጣል (መርሳዬ ሰማህ?)። አውሮፕላኑ በሌላው ቀን ጅማ ይሂድ፣ ጎዴ ይሂድ፣ የፈለገበት ይሂድ።

ስፓነር

ይሄን ራስህ ካሰብከው ጎበዝ ነህ። አሜሪካ ውስጥ አሌጂያንት የሚባል እንዲህ ነው የሚሠራው። ትንንሽ ከተሞች፣ በሳምንት ሁለት ሦስት በረራ፣ ተሳፋሪ በሚያንስበት ቀን አውሮፕላኑን ማቆም። ብዙ ዓመት የበረረው በአሮጌ ኤምዲ 80 ነበር። አሮጌ አውሮፕላን ነዳጅ ይበላል፣ ግን ዋጋው ትንሽ ስለሆነ ቢቆምም አይጎዳህም። አዲስ ሲሆን ነው በየሰዓቱ ማብረር ያለብህ።

ቦሩ ሜዳ

ጤና ባለሙያ ነኝ። ሐሳቡ ሸጋ ነው ግን አንድ ነገር ልጨምር። ገበያ ሰኞን ይጠብቃል፣ ምጥ ሰኞን አይጠብቅም። የጭንቅላት ደም መፍሰስ ሰኞን አይጠብቅም። በሳምንት ሁለት ቀን ካደረጋችሁት አውሮፕላኑ ለነጋዴና ለቀጠሮ በሽተኛ ይሆናል፣ ለድንገተኛው ያው አምቡላንስና ጣርማ በር ነው። አሁን ያለው ውድ ቢሆንም ቀኑን ሙሉ ባይሆን እንኳ አለ። ርካሹ መጥቶ ውዱን ካስወጣውና ራሱም ከወጣ ምን ልንሆን ነው?

የሐረጎ ልጅ

ለዚህ መልስ የለኝም ወላሂ።

ጋሼ

ልጆቼ እኔ 78 ዓመቴ ነው፣ ልጄ ነው የሚጽፍልኝ። አየር መንገዳችን በ1938 ሲቋቋም ዳኮታ ነበር አውሮፕላኑ። እኔም በዳኮታ ተሳፍሬያለሁ። ላሊበላ ሜዳው አስፋልት ሳይሆን በፊት ክረምት ከገባ አይታረፍም ነበር፣ ጭቃ ነው። ከዚያም ትዊን ኦተር የምትባል መጣች፣ 19 ሰው ነው የምትይዘው፣ በአጭር ሜዳ ትነሳለች። አንድ ጊዜ ከእኔ ጎን አንዱ ዶሮ ይዞ ገባ። ዶሮዋ ዝም አለች፣ እሱ ነበር የሚጮኸው። ትንሽ አውሮፕላን ትንሽ ከተማ ይበቃዋል፣ ምን ያደርጋል 70 ሰው።

ስፓነር

ጋሼ ረጅም ዕድሜ ይስጥልን። 19 ወንበር ያለ ምክንያት አልሆነም እኮ። በብዙ አገር ደንብ እስከ 19 ሰው ድረስ አስተናጋጅ አያስፈልግም፣ ከዚያ በላይ እስከ 50 አንድ አስተናጋጅ፣ ከ50 ካለፈ ሁለት። ግን የትንሿ ችግር አብራሪዎቹ ያው ሁለት ናቸው። የሁለት አብራሪ ደሞዝ ለ19 ሰው ሲካፈልና ለ70 ሲካፈል አንድ አይደለም።

ናይሮቢ ላይ ያለው ወሎዬ

እሱስ ይሁን፣ የግል ባለሀብቱ የት ሄደ?

አራዳ ፒያሳ ደሴ

ሕጉን ጠይቅ። ለብዙ ዓመት ከ50 መቀመጫ በላይ ያለው የመንገደኛ አውሮፕላን ለመንግሥት ብቻ ነበር የተተወው። እስከ 50 ያለው ለአገር ውስጥ ባለሀብት። ስለዚህ የግሎቹ ትንንሽ አውሮፕላን ይዘው ቻርተር (የኮንትራት በረራ) ላይ ነው የቀሩት፤ እርዳታ ድርጅት፣ ማዕድን፣ የአበባ እርሻ ያለው ሰውዬ። ስፓነር እንዳለው ትንሽ አውሮፕላን ለአንድ ሰው ውድ ነው። ሕጉ ራሱ ርካሽ እንዳይሆን አድርጎ ነው ያስቀመጠው ማለት ይቻላል። ከዚያ ደግሞ ነዳጁንም ሜዳውንም ጥገናውንም ከተፎካካሪህ ትገዛለህ።

ጦሳ ስር

ህንድስ እንዴት ቻለችው? እዚያ መንግሥት ይከፍላል ሲባል ሰምቻለሁ።

ናይሮቢ ላይ ያለው ወሎዬ

ኡዳን የሚባል ነው። የመጀመሪያው በረራ ከሺምላ ዴልሂ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2017 ነበር። የአንድ ሰዓት ያህል በረራ ላይ ግማሹን ወንበር ከ2,500 ሩፒ በላይ አትሸጥም፣ የጎደለህን መንግሥት ይሞላልሃል ነው ነገሩ። ገንዘቡን በከፊል ከትልልቅ መስመሮች ነው የሚሰበስቡት። ጥሩ ጀመረ፣ ግን ድጎማው ለሦስት ዓመት ነበር፣ ሲያልቅ ብዙው መስመር ቆመ።

ጦሳ ስር

እንግዲህ አንድ ሰው ይከፍላል ማለት ነው። ወይ ተሳፋሪው ወይ መንግሥት ወይ የሌላ መስመር ተሳፋሪ።

አራዳ ፒያሳ ደሴ

እሱ እኮ አሁንም አለ። ዓለም አቀፍ ቲኬቱን ከአየር መንገዳችን ያልገዛው ፈረንጅ ላሊበላ ለመሄድ ከእኛ የበለጠ ነው የሚከፍለው። እኛ በብር፣ እሱ በዶላር። ለእኛ ወንበር እሱ ትንሽ አዋጥቶልናል።

ላስታ

ለዚህ ነዋ ፈረንጅ ሲቀር በረራው የሚሳሳው!!! ይሄንን ነው እኔ ስናገር የነበረው!

መርሳ ብርቱካን

ባቡሩስ? የአዋሽ ኮምቦልቻ ሀራ ገበያ ሀዲድ ደጃችን ድረስ መጥቶ የለ። ሀራ እኮ ከእኛ ቅርብ ናት። እሱ ቢሠራ አውሮፕላን ማን ይጠይቅ ነበር።

ዶልፊን ሹፌር

ሀዲዱ ላይ ፍየል ነው የሚሄደው።

የጅዳዋ

😂😂 ፍየሎቹ ቲኬት ይክፈሉ

ወገልጤና ኦፓል

ሌላ ደግሞ ቲኬቱን ማን ይሸጣል የሚለውን እንዳትረሱ። ስሙን የማልጠራው አንድ ወኪል ቢሮ ባለፈው "የአገልግሎት" ብሎ ጨምሮብኝ፣ ደረሰኝ ስለው ሲስተም የለም አለኝ። በቴሌብር በቀጥታ ከስልክ ከተገዛ ይሄ ሁሉ ይቀራል። አባቴ ስልክ አይነካም ለሚለው ደግሞ የልጅ ልጁ ይነካለታል።

ናይሮቢ ላይ ያለው ወሎዬ

ርካሾቹ ሌላው ዘዴያቸው እሱ ነው፣ ወኪል የለም።

ቦሩ ሜዳ

የሐረጎ ልጅ፣ የእናትህ ዓይን እንዴት ሆነ? ሁላችንም አውሮፕላን ስናበር እሳቸውን ረሳን።

የሐረጎ ልጅ

አልሐምዱሊላህ። ሞራውን አነሱላት። ማሰሪያው ሲፈታ መጀመሪያ ያየችው የእኔን ጢም ነው፣ "ሸበትክ እንዴ" አለችኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሐሙስ ለምርመራ ተመለሱ ተብለናል።

ይሄን ክር ሳነብላት ነበር። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ። "የእናንተ ርካሽ አውሮፕላን በሶ ይጭናል?" አለች። በኪሎ ያስከፍላል አልኳት። "እንግዲያው ርካሽ አይደለም" ብላ ቡናዋን ማፍላት ቀጠለች።

የጅዳዋ

አላልኳችሁም ኪሎው ነው!

ዶልፊን ሹፌር

የሐረጎ ልጅ፣ እኔ ሐሙስ አዲስ አበባ አለብኝ። የምነሳው ረቡዕ ቀትር ነው፣ ደብረ ብርሃን አድረን ጠዋት እንገባለን፣ ሌሊት አልነዳም። የፊተኛውን ወንበር ለእትዬ ልያዝላቸው?

የሐረጎ ልጅ

ያዝላት። ስንት ነው?

ዶልፊን ሹፌር

እሱን ስትመጣ እንነጋገራለን። በሶው ስንት ኪሎ ነው?

የሐረጎ ልጅ

15። አሁን ደግሞ ሽሮ ጨምራበታለች።

ዶልፊን ሹፌር

ይምጣ። ጣሪያው ባዶ ነው።